ጨዋማው ውሃ

"ባንቲሁን፣ ወጣህ እንዴ?"

"መኪናው ውስጥ ልገባ ነው። ምነው?" ይላል ባንቲሁን በስልክ፣ ከበረሃው ጉድጓድ አጠገብ።

ሸሪፋ ከተማ ውስጥ፣ አል ጉብራ ሰፈር ባለው አፓርታማዋ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጣለች። ኮሮና ቢሮውን ካዘጋው ወዲህ በረሃ ያሉትን የጋዝ ጉድጓዶች የምትከታተለው ከመኝታ ቤቷ ነው። ከሰባት ቁጥር ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ከጠዋት ጀምሮ እየጨመረ ነው። አሁን የደረሳት የላቦራቶሪ ውጤት ደግሞ ውሃው ጨዋማ ነው ይላል። ከጋዙ ጋር በእንፋሎት መልክ የሚመጣው ንጹህ ውሃ አይደለም ማለት ነው። ከታች የተኛው ውሃ በአለቱ ስንጥቅ መውጫ አግኝቷል።

"የጉድጓዱ መዝጊያ ቫልቭ ከዚህ አልታዘዝ አለኝ" ትለዋለች። "እዚያው በእጅ መቀነስ አለበት።"

የባንቲሁን ፈረቃ አልቋል። ሊተካው የመጣው ሰው ትናንት ኮሮና ተገኝቶበት የሠራተኞች ማደሪያ በሆነው ካራቫን ውስጥ ተዘግቶበታል። ሌላ ሠራተኛ የለም።

"ሸሪፋ፣ የከተማው መንገድ እኮ በኮሮና ምክንያት ዛሬ ማታ ይዘጋል። ሔርሜላ ነገ ትበራለች።"

ታውቃለች። የባንቲሁን ሚስት ሔርሜላ ትሠራበት የነበረው ሆቴል ተዘግቶ፣ ማትራህ ሰፈር ውስጥ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ስትጠብቅ ከርማ ነው የአዲስ አበባውን በረራ ያገኘችው።

"ቀንሼው ብሄድስ?"

"ከልክ በላይ ከቀነስከው ጋዙ ውሃውን ገፍቶ ማውጣት ያቅተዋል፤ ጉድጓዱ ይታፈናል። ከተውነው ደግሞ ውሃው በስንጥቁ እየሮጠ ይቀድመናል፤ አለቱ ውስጥ ያለው ጋዝ እዚያው ታግቶ ይቀራል። ግፊቱን እያየ ትንሽ በትንሽ የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋል።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

አዎ ብትለው ለሁለቱም ይቀላል።

"አይደለሁም። በራሱ ሊረጋ ይችላል። እኔ ግን አይመስለኝም።"

የመኪና ጡሩምባ ይጮሃል። "ያላ፣ ባንቲ! ያላ!" ይላል ሹፌሩ፣ እንሂድ እያለ ሲያጣድፈው።

የመኪናው በር ሲዘጋ በስልኩ ይሰማታል። ባንቲሁን የዘጋው ከውስጥ ይሁን ከውጭ አታውቅም።

"ኻላስ፣ በቃ" ይላል የባንቲሁን ድምፅ፣ ለሹፌሩ። "አንተ ሂድ።"

ሞተሩ እየራቀ ይሄዳል። ከዚያ በጠጠር ላይ የሚራመድ እግር።

"ሩብ ዙር ዘጋሁ።"

"ግፊቱ?"

"እየወረደ ነው… እየወረደ ነው… ቆመ።"

"እንዳትነካው። ቆይ።"

እንዲህ እያሉ ይመሻል። መስጊዱ አዛን ሲያሰማ፣ ላፕቶፑ ላይ ሽቅብ ሲወጣ የዋለው የውሃው መስመር መጀመሪያ ይተኛል፣ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ይላል።

"ባንቲሁን! ውሃው ቀነሰ!"

እሱ ግን የመሥሪያ ቤቱን ስልክ ክፍት ትቶ በራሱ ስልክ ከሔርሜላ ጋር እያወራ ነው። ሸሪፋ ስልኩን መዝጋት አትችልም፤ የቫልቩ ሥራ ገና አላለቀም። የራሷን ድምፅ ብቻ ታጠፋለች።

"ሻንጣው ስንት ኪሎ ሆነ?" ይላል ባንቲሁን፣ በጣም ቀስ ብሎ። "አይ፣ ጃኬቱን ግን አትክተቺው። ልበሺው። አዲስ አበባ እኮ አሁን ክረምት ነው።"