የእርጥብ በረዶ ሰም

ሰውየው የበረዶ ሸርተቴ ክለቡ ጥገና ክፍል ውስጥ ጥርሱን ነክሶ ካውያውን አጋለ። አምና ክለቡን ወክሎ እግር ላይ በሚታሰረው ረጅም ጣውላ፣ በስኪ፣ የሚንሸራተተው እሱ ነበር። ቦታውን የነጠቀው የገዛ አገሩ ልጅ ኖላዊ ነው። እሱም ዛሬ ጠዋት ስኪውንና ዘንጎቹን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮለት፣ «በደንብ ቀባው፤ እንደ ልማድህ እንዳታበላሸው» ብሎት ወጥቷል።

«እቀባልሃለሁ» አለ ሰውየው ለራሱ።

የዘንጎቹን የላላ ማንጠልጠያ አጠበቀ፤ የስኪውን ሆድ ፍቆ አጸዳ። እዚህ ላይ ማንም እንከን አያወጣለትም። ከዚያ እንደ ዛሬው ላለ አጥንት ሰርሳሪ ብርድ የሚሆነውን ደረቅ ሰም ወደ ጎን ገፍቶ፣ ለእርጥብ በረዶ የሚሆነውን ለስላሳውን አነሳ። በካውያው አቅልጦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀባው። በዚህ ብርድ በረዶው እንደ ጭቃ ይለጠፍበታል፤ ኖላዊም ከመነሻው ሳይርቅ የሰው መሳቂያ ይሆናል።

ውድድሩ ሊጀመር ሲል ስኪውን ተሸክሞ መነሻው ላይ ደረሰ። ኖላዊ አንድ እግሩን ከመሬት ከፍ አድርጎ ከአሰልጣኙ ጎን ቆሟል።

«ጉልበቴ እምቢ አለኝ» አለ ፊቱን አዙሮ። «ከሌላው አንተ ትሻላለህ ብያቸዋለሁ። ታረቅን ማለት ግን አይደለም።»

አሰልጣኙ የመወዳደሪያውን ቁጥር ሰውየው ደረት ላይ አሰረለት።

«ሌላ ስኪ ላምጣ» አለ ሰውየው።

«ምን ሆነሃል?» አለ አሰልጣኙ። «ይሄን ያዘጋጀኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»