በቀኝ ጎን ያለ ትርታ

ልብስ ሰፊዋ በቀኝ የጎድን አጥንቷ ላይ የወጣባትን ለስላሳ እብጠት ለቀዶ ሐኪሙ ስታሳየው፣ «ስተኛ ይመታል» ብላው ነበር።

«የሚመታውማ ልብሽ ነው፤ ይኼ ስብ ነው፣ እህቴ።»

«ልቤ ወደ ቀኝ ዞረ እንዴ፣ ዶክተር?» ብላ ሳቀች።

የደም ፍሰት የሚያሰማውን መሣሪያ ሳያስነካ ቀደደው። እብጠቱ ግን ከደም ሥሮች የተጎነጎነ፣ ብርቅ ይሁን እንጂ ክፋት የሌለው ዕጢ ነበር፤ ቢታወቅ ኖሮ የሚመግቡት ሥሮች አስቀድመው ተደፍነው በሰላም ይወጣ ነበር። ደሟ አልቆም አለ፤ ሴትየዋ ከጠረጴዛው አልተነሣችም።

አመሻሹ ላይ ሐኪሙ ለምርመራ ሊላክ በብልቃጥ የተቀመጠውን ዕጢ ይዞ አስከሬኗ ካረፈበት መጋረጃ ጀርባ ገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባል አላጣውም፤ ሆኖም ዕጢውን ትሪ ላይ አኑሮ፣ ጠዋት የነፈጋትን መሣሪያ አሳረፈበት። ዝምታውን እንደ ፍርድ ሊቀበል ተዘጋጅቶ ነበር።

ትርታ ተሰማ። የገዛ ጣቱ መስሎት መሣሪያውን እዚያው ትቶ እጁን ሰበሰበ፤ ድምፁ አልቆመም።

ገና ተረኛ ሆና የገባችው ነርስ ከመጋረጃው ማዶ ቆም አለች።

«እሰይ! ሞተች ብለውኝ ነበር እኮ፤ ልቧ እስከ ኮሪደሩ ይሰማል።»