ከሦስታችን የጠጣው

ሰብሳቢው ጣታቸውን ከአንዳችን ወደ ሌላችን ሲያዞሩ ቆይተው እኔ ላይ ያቆሟታል።

«ይኼ ነው! ዓይኑን አታዩትም? በርበሬ መስሏል።»

አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። እኔ በያጅ ነኝ፤ ዓይኔ ከቀላ ዘመን የለውም። ዛሬ ግን ከሻይ በቀር ምንም አልቀመስኩም። መናገር ስለተከለከልን እንደ ሙሽራ አንገቴን ደፍቼ እቆማለሁ።

ይህን ጣጣ ያመጣችብን የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ትራፊክ ፖሊሷ፣ ሳጅኗ። ሕጉ እስካሁን «ሰክሯል ብለህ የጠረጠርከውን ብቻ መርምር» ነው የሚለው። እሷ ደግሞ ያስቆምነው ሾፌር ሁሉ የአልኮል መለኪያ መሣሪያ ላይ እየነፋ ይለፍ ትላለች። ዛሬ የመንገድ ሕጉን የሚያሻሽለው ኮሚቴ ሊሰማት ተሰብስቧል። ሦስት የሰፈሯን ሰዎች ፊት ለፊታቸው አሰለፈችና «ከእነዚህ አንዱ መሪ መያዝ የለበትም። በዓይናችሁ ለዩልኝ» አለቻቸው።

«እኔ እንኳ ይኼኛውን ነው የምጠረጥረው» ይላሉ አንድ ባለመነጽር የኮሚቴ አባል፣ በግራዬ ወደቆመው ፋርማሲስት እያመለከቱ። «እዩት፣ ይንቀጠቀጣል።»

ምስኪን! እሱ እንኳን ኮሚቴ ፊት ቆሞ፣ ሚስቱ ጮክ ብላ ስትጠራውም ላብ ያጠምቀዋል።

በቀኜ የሳጅኗ አባት ቆመዋል። ሙሉ ልብስ፣ ክራባት፣ የተወለወለ ጫማ። ዕድሜያቸውን አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። እሳቸው ሲነዱ ተሳፋሪ የያዘው ሻይ አይፈስም ነበር እየተባለ፣ ሰፈሩ «ጋሽ ውሃ ልክ» ይላቸዋል። ወደ እሳቸው የዞረ ጣት የለም። እንዲያውም አንዲት የኮሚቴ አባል «እኚህን አባት ምን ብላችሁ አቆማችኋቸው? ወንበር ስጧቸው እንጂ!» ይላሉ።

«ጨረሳችሁ?» ትላለች ሳጅኗ፣ መሣሪያውን ከቦርሳዋ እያወጣች።

እነፋለሁ፤ ዜሮ። ፋርማሲስቱ ይነፋል፤ ዜሮ። ከሁላችንም በላይ የገረመው እሱን ራሱን ይመስለኛል። ከዚያ አባቷ ፊት ትቆማለች። ቤት ውስጥ «አንተ» የምትላቸው ልጅ፣ ዛሬ «አባባ፣ ይንፉ» ትላቸዋለች።

ይነፋሉ። መሣሪያው ይጮኻል። ቁጥሩን ለሰብሳቢው ስታሳያቸው ሳቁ ቀጥ ይላል።

«ዛሬ ጠዋት እኔው ነኝ የቀዳሁላቸው።»

«እውነቷን ነው» ይላሉ ጋሽ ውሃ ልክ፣ አነጋገራቸው እንደ ዜና አንባቢ ጥርት ብሎ። «ፖሊስ ቀድቶልኝ ስጠጣ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሳቁ ይመለሳል። ባለመነጽሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም።

«ይሁን፣ ሳጅን፤ ጠጥተዋል። ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ቀጥ ብሎም ይነዳል። ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ለዚህ ብላችሁ ጤነኛውን ሁሉ መንገድ ላይ ልትገትሩት ነው?»

አዳራሹ ውስጥ ብዙ ራስ በአዎንታ ይነቀነቃል። ነገሩ ከእጇ እያመለጠ ነው። ልትመልስ አፏን ስትከፍት፣ አባቷ እጃቸውን ያነሳሉ።

«ይኼን ለእኔ ተዪልኝ፣ ልጄ።»

ይህ አብረው ከተዘጋጁት ውስጥ እንዳልነበረ ፊቷ ይናገራል።

«እኔ እንዲህ ሆኜ ሥራ ላይ ነድቻለሁ» ይላሉ። «አንዴም ሁለቴም አይደለም። ፖሊስ ያስቆመኛል፣ ክራባቴን ያያል፣ ‹ይለፉ አባት› ይለኛል። እኔም አልፋለሁ፤ ከኋላዬ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዤ።»

የሰፈራችን ሰው የኋላውን ወንበር ሞልቶታል። ግማሹ በዚያ አውቶቡስ የሄደ ነው። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን የገነቡትን ስም በገዛ አፋቸው እየናዱት ነው። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ምን አለበት እላለሁ በልቤ። አያቆሙም።

«አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ የፊቴ መኪና ድንገት ቆመ። ፍሬን ልይዝ ስል እግሬ ዘገየ። መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዝኩና ገደል ጠርዝ ላይ ደርሰን ነው የቆምነው። ተሳፋሪው ‹ጎበዝ ሾፌር!› ብሎ አጨበጨበልኝ።»

«ውይ በሞትኩት! እኔም አጨብጭቤያለሁ እኮ» ትላለች ከኋላ የሰፈራችን ባለሱቅ። ማንም አይስቅም።

«ጌታዬ፣ አቋሜ አልተበላሸም ነበር። የተበላሸው እግሬ ነው። የእግርን መዘግየት ደግሞ በዓይኑ የሚያይ ፖሊስ አልተፈጠረም። ያን ቀን እንደዚህች ያለች ልጅ አስቁማ ብታስነፋኝ ኖሮ እሰድባት ነበር። ግን ያን ሁሉ ሰው ገደል አፋፍ ከመድረስ ታድንልኝ ነበር።»

ባለመነጽሩ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። ሳጅኗ አባቷን አይታ አይታ አትጠግብም። ከዚያ ቆብዋን አስተካክላ ወደ ሰብሳቢው ትዞራለች።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ‹ምስክሩ አባቷ ናቸው› ተብሎ ይጻፍልኝ።»

ድምፅ ሲጠየቅ እጆች ይወጣሉ። የባለመነጽሩም እጅ ከሁሉ ዘግይታ፣ ግን ትወጣለች።

ደጅ ላይ የሰፈሩ ሰው ለጋሽ ውሃ ልክ መንገድ ይለቅላቸዋል። ማን ምን ይላቸው ይሆን ብዬ ስሰጋ፣ ባለሱቋ ቀድማ ጉንጫቸውን ትስማቸዋለች። አሮጌ መኪናቸው ጋ ሲደርሱ እጃቸው በልማድ የሾፌሩን በር ይይዛል። ይለቁታል። በፊት በኩል ዞረው ከጎን ወንበር ላይ ይቀመጡና፣ ቀበቶውን አስረው፣ ልጃቸው መጥታ እስክትነዳቸው ደረታቸውን ነፍተው ይጠብቃሉ።