በጭቃ የተፈተነ በረኛ

ሚስተር ኩሪያን የወረወሩት የጭቃ ድቡልቡል የወጣቱን የገላውን አዲስ ጓንት አልፎ ደረቱ ላይ ይፈርጣል። ገላው ዓይኑን የሚገልጠው ከዚያ በኋላ ነው።

«አለፈ?» ይላል።

«የት ያልፋል፣ ለብሰኸው!» ትለዋለች የሺእመቤት፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ። ሥራዋ ለአዲሱ መማሪያ ክፍል የምርጊት ጭቃ ማቡካት ነው፤ ዛሬ ግን የፈተና ዕቃ አቅራቢ ሆናለች። የቢቸና አውራጃ ቡድን ነገ ሞጣ ወርዶ ይጋጠማል። ያለችን አንዲት ኳስ ተነፍታ፣ እንዳትተነፍስ ተብሎ ቢሮ ተቆልፎባታል። ስለዚህ በረኛ የምንመርጠው በጭቃ ነው።

መራጩ ሚስተር ኩሪያን ናቸው፤ ስድስት ዓመት እዚህ ሒሳብ ያስተማሩ ህንዳዊ። በአገራቸው ክሪኬት በሚባል ጨዋታ በረኛ ነበሩ። ሦስት እንጨት ይተከላል፣ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ እሳቸው ከእንጨቶቹ ኋላ ቁጢጥ ብለው ያመለጠውን ይቀልባሉ። ጨዋታው አምስት ቀን ይፈጃል፣ መሃል ላይ ሻይ ይጠጣል፣ አንዳንዴም አሸናፊ ሳይኖር ይበተናል። ይህን ሲነግሩን፣ ስብሰባ የለመድን ሰዎች ነንና፣ ማንንም አልገረመውም።

እኔ የስፖርት ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። በያዝኩት ዝርዝር የአሥሩ ስም ተሞልቷል፤ የበረኛው ቦታ ባዶ ነው። ገላው የሊቀ መንበራችን የጓድ ሣህለ ማርያም የእህት ልጅ ነው። ጓድ ሣህለ ማርያም ደግሞ ሌላ ወረቀት ይዟል፤ የሚስተር ኩሪያንን የኮንትራት ማራዘሚያ። የእሱ ፊርማ ካላረፈበት ሚስተር በሐምሌ ወደ አገራቸው ናቸው።

«ሚስተር፣ ይበቃል» ይላል ወረቀቷን እንደ ማራገቢያ እያወዛወዘ። «ልጁ ጓንት አለው፣ ንቃትም አለው። የቀረው ስሙን መጻፍ ነው። ከዚያ ይህችንም እንጨርሳታለን።»

ሚስተር ኩሪያን ወረቀቷን ያያሉ። ቀጥለው ጣቶቻቸውን ያያሉ። ከአሥሩ አራቱ ተሰብረው የዳኑ፣ እንደ ወይራ ሥር የተጣመሙ ናቸው።

የእነዚያን ጣቶች ታሪክ ባለፈው ፋሲካ እቤቴ ነግረውኛል። ዘጠኝ ዓመት ለክፍለ ሀገራቸው ቀለቡ። ለአገራቸው ቡድን ሊጠሩ ሲሉ መራጩ የሚስቱን ወንድም ወሰደ። «ሰውየው እጄን አላየም» ነበር ያሉኝ። ጨዋታ ሲያቆሙ እሳቸውም መራጭ ሆኑ፤ እዚህ እስኪመጡ ድረስ የሰው እጅ ሲያዩ ኖሩ።

አሁን ቀና ይላሉ። የአዲሱ ክፍል መሰላል ላይ መራጊው ፋንታ አለ። የሺእመቤት ከታች ጭቃ ስትወረውርለት፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳይመልስ በግራ እጁ ይቀልብና በቀኙ ይመርጋል። ሚስተር ከክፍላቸው መስኮት ይህን ሲመለከቱ ሦስት ቀናቸው ነው፤ ተማሪዎቹም ከሒሳብ ካረፉ ሦስት ቀናቸው።

«አቶ ፋንታ፣ እባክዎ ይውረዱ።»

አማርኛ የተማሩት ከአከራያቸው ከሽማግሌው መሪጌታ ነውና ለሰው ሁሉ፣ ለአህያም ጭምር፣ «እርስዎ» ነው የሚሉት። ፋንታ ማን ተጠራ ብሎ ግራ ቀኙን ያያል።

«አንተን ነው እንጂ!» ትስቃለች የሺእመቤት። «ውረድ፣ ሹመት መጥቶልሃል!»

ፋንታ በሁለቱ ባሕር ዛፎች መካከል ይቆማል። ሚስተር በቀኝ ይወረውራሉ፤ ይይዛል። ከፍ አድርገው ይወረውራሉ፤ ይይዛል። ሦስተኛውን በስተግራ፣ መሬት ለመሬት ይልኩታል። ፋንታ ተዘርግቶ ይወድቃል። ሲነሣ ድቡልቡሉ መዳፉ ላይ ነው።

ሚስተር ተቀብለው ያገላብጡታል። አልፈረሰም፤ አልተሰነጠቀም።

«የሚመታ እጅ ሞልቷል» ይላሉ ቀስ ብለው። «የሚቀበል እጅ ይህ ነው።»

«ይህ ሰው በወጣት ማኅበር አልተደራጀም!» ይላል ጓድ ሣህለ ማርያም።

«ጭቃውስ መቼ ተደራጀ፣ ጌታዬ?» ትላለች የሺእመቤት።

ጓድ ሣህለ ማርያም አይስቅም። የኮንትራቱን ወረቀት አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ይከታል፤ ኪሱንም ይቆልፋል። ሚስተር ኩሪያን ቁልፉን እስኪቆልፍ ጠብቀው ወደ እኔ ይዞራሉ።

«ይጻፉ» ይሉኛል። «ፋንታ።»

እስክሪብቶዬ አየር ላይ ይቆማል። እኔም የወር ደሞዝ አለኝ።

ያን ጊዜ ገላው ጓንቱን አንድ በአንድ ያወልቃል።

«ጋሼ፣ እኔ ኳስ ስትመጣ ዓይኔ ይጨፈናል። ነገ አምስት ቢገባብኝ ሞጣዎች የማን የእህት ልጅ ነው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የሚገጥሙብኝ ግጥም ያላንተ ስም አይሞላም።»

የአምናው በረኛችን ዛሬም ገበያ ሲወጣ ሞጣዎች የገጠሙበትን ግጥም ልጆች ይዘፍኑበታል። ጓድ ሣህለ ማርያም በዚህ አውራጃ ያላስቆመው ነገር የለም፤ ሠርግ አስቁሟል፣ ገበያ አስቁሟል። የሞጣን ግጥም ግን ያስቆመ የለም።

«ጻፈው» ይለኛል በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያይ። ኪሱን መታ መታ ያደርጋል። «ይህችን ደግሞ ከሞጣ መልስ እናያታለን። ካሸነፍን።»

«ካሸነፍን» ይላሉ ሚስተር ኩሪያን፣ ተማሪ መልሱን ሲያገኝላቸው እንደሚሉት አድርገው።

ገላው ጓንቱን ለፋንታ ያስረክባል፤ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ስሙን ራሱ እንዲጽፍ ዝርዝሩን ለፋንታ አቀርብለታለሁ። ቀኝ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ በመሠረተ ትምህርት ያስቆጠሩትን ሦስት ፊደል እያማጠ ይጽፋል። ወረቀቱን የያዘበት የግራ አውራ ጣቱ ግን ከስሙ ጎን ጭቃ ያትማል።

«አበላሸሁት፣ ጌታዬ» ይላል ደንግጦ።

ልጠርገው እጄን ስሰድ ሚስተር ኩሪያን ይቀድሙኛል። ወረቀቱን በጠማማ ጣቶቻቸው ወደ ፀሐይ ያነሡና፣ የፋንታ የጣት አሻራ እስኪደርቅ ድረስ እፍ ይሉበታል።