ሰዓት ነጋሪዋ

የታሪክ ተማሪዋ ለተግባር ልምምድ የተመደበችው የድሮው ስልክ ቤት ሙዚየም ነበር። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ያሳደገቻት አክስቷ ወጣትነቷን የጨረሰችው እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቃ ደዋዮችን ስታገናኝ ነው። ሰው ስልክ ደውሎ ሰዓት በሚጠይቅበት ዘመን «አሁን ሰዓቱ…» እያለ የሚመልሰው የተቀዳ ድምፅም የእሷ ነበር። ዘመድ አዝማዱ እስከ ዛሬ «ሰዓት ነጋሪዋ» እያለ ነው የሚጠራት።

ተማሪዋ በመጀመሪያው ቀን ይህንኑ ለሙዚየሙ ኃላፊ ነገረቻት።

«ማስረጃ አለሽ?» አለች ኃላፊዋ።

«አክስቴ ናት እኮ!»

«እሱ ዝምድና ነው። እኛ ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው የተጣራውን ብቻ ነው። አጣሪና አምጪ። ስታጣሪ ደግሞ የማን ዘመድ እንደሆንሽ አትናገሪ።»

ለመጪው ዐውደ ርዕይ የድምፁ ክፍል የእሷ ሥራ ሆነ። የዋናው ቴፕ ማጫወቻ ተበላሽቶ ቴክኒሽያኑ ጋ ስለነበር፣ ቀደም ሲል ከቴፑ የተቀዳ አጭር ቅጂ ስልኳ ላይ ጫኑላት።

ቤት ስትገባ አክስቷ ልብስ እየተኮሰች ነበር።

«እቴቴ፣ ሙዚየም መጥተሽ ትንሽ ብታወሪልንስ? እንቀዳሻለን።»

«የቱን ድምፄን ነው የምትቀጂው?» ከጉሮሮ ቀዶ ሕክምናዋ ወዲህ ድምፅዋ መሬት ለመሬት እንደሚጎተት ጆንያ ይሻክራል። «ተይኝ ልጄ። ሳቂታን ጠይቂያት። አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው።» ካውያውን አቁማ ፈገግ አለች። «አሁንም ትስቃለች ይሆን?»

ትስቃለች። በሯን ስትከፍት ሳቀች፣ ወንበር ስታቀርብ ሳቀች፣ ስሙን ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ እንደሆኑ ስትናገርም ሳቀች። ባሏ ሞቶ፣ ልጆቿ ርቀው፣ እንግዳ የሚናፍቃት ሴት ነበረች። ተማሪዋ ቅጂውን ከፈተችላት። ሳቂታ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ከዚያ ቀና ብላ ተቀመጠችና፣

«አሁን ሰዓቱ ሦስት ከሩብ ነው» አለች።

ተማሪዋን ውርር አደረጋት። ቁርጥ ያው ድምፅ! «ነው» ስትል ለስለስ የምትለዋ ነገር እንኳን አልቀረችም።

«እንዲህ መናገር የት ተማሩ?»

«እዚያ ክፍል ሁላችንም እየተኮራረጅን ነበር የምንናገረው፤ ደዋዩ አንዳችንን ከሌላችን አይለይም ነበር።»

«ይሄኛውስ የእርስዎ ነው?»

ሳቂታ ዓይኗን ወደ ስልኩ መለሰች። «የማን ሊሆን ነው ታዲያ?» ብላ ሳቀች።

«ሌላ ሰው የእኔ ነው ቢልስ?»

«ሰው ምን የማይለው አለ ልጄ!»

ተማሪዋ ወደ ቤት ስትመለስ ታክሲው ውስጥ እንባዋ መጣ። የዘመድ ሰርግ ሁሉ ትዝ አላት፤ አንዱ ቀልደኛ ማይክ ለአክስቷ አቀብሎ «ሰዓት ስንት ነው?» ሲላት፣ አዳራሹ በሳቅ ሲያውካካ። ከሁሉ የባሰባት ግን የራሷ ትዝታ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለች፣ አክስቷ ሥራ ውላ ስትናፍቃት፣ ወንበር ላይ ወጥታ ስልኩን ታነሳና ሰዓት ትደውል ነበር። ድምፁን ሰምታ ነው የምትረጋጋው። እና ያ ሁሉ ጊዜ ያባበላት የባዳ ድምፅ ነው?

«ሳቂታ የእኔ ድምፅ ነው አለችኝ» አለች ገና ከበሩ።

«እንዲያ አለችሽ?»

«በጆሮዬ ሰማኋት። አንድ ናቸው።»

አክስቷ ትክ ብላ አየቻት። «አንቺስ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? ያፈርኩት እኔ! ስንት ዓመት ሙሉ አሞኘሽኝ እኮ፣ እቴቴ!»

አክስቷ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሳል ነበር። ውኃ ጠጥታ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳችውም። ተማሪዋ ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረችው፤ ቤት ውስጥም ከሰላምታ ያለፈ ወሬ ቀረ።

ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን መግለጫ የጻፈችው ራሷ ናት። የሳቂታን ሙሉ ስም በትልልቅ ፊደል አሳተመች።

«ከሥጋሽ እውነቱን መረጥሽ። ጎበዝ!» አለቻት ኃላፊዋ። ተማሪዋን ምስጋናው አልጣማትም።

በመክፈቻው ቀን ሳቂታ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አበባ ታቅፋ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አክስቷ ሳትጠራ መጣች። መግለጫው ፊት ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሳቂታ አበባዋን ስታስተካክል አንገቷን ደፍታ ነበር።

«ፊደሉ ጥሩ ነው» አለች አክስቷ። «ያለ መነጽር አነበብኩት።»

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ተማሪዋ አልሸኘቻትም።

ወዲያው ቴክኒሽያኑ ማጫወቻውን አቅፎ ገባ። «ዋናው ቴፕ ገና አሁን ሠራልኝ!» አለ እያላበው። «ራሴም አልሰማሁትም።»

«ቅጂው አይበቃም?» አለች ሳቂታ።

«እንዴት ተደርጎ! ዋናው እያለ?» ብሎ ቁልፉን ተጫነ።

«አሁን ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ነው» አለ ያ ለስላሳ ድምፅ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሳቂታ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጅ ነሣች። ተማሪዋም እያጨበጨበች ነበር። ቴፑ መዞሩን ቀጠለ። «አሁን ሰዓቱ ሦስት ከ…» አለና ድምፁ ድንገት ተቋረጠ። ከሩቅ የአንዲት ሴት ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ያው ለስላሳ ድምፅ ተመለሰ፤

«አንቺ ሳቂታ፣ አታስቂኝ በናትሽ! እንደገና ልጀምር።»