ከግራ እጅጌ የተመዘዘ ክር

ለትራስና ለፍራሽ መሙያ የሚሆን ፖሊስተር የሚያበጥረው ፋብሪካ በር ላይ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው ላይተር ይዞ ይቆማል። ሠራተኛው ተሰልፎ ግራ እጁን ይዘረጋለታል። ሰውየው ከጋዋኑ እጅጌ ጫፍ አንዲት ክር ይመዝና ያቃጥላታል።

ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ሸትታ አመድ ሆና ትበናለች። ፖሊስተር ከሆነች ግን ተኮማትራ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ትሆናለች። ፍሬ የወጣበት ሰው ቢለምን ቢያለቅስ ወደ ቤቱ ነው።

ጋሽ ክብሪት ይሉታል። በላይተር እያቃጠለ ለምን ክብሪት እንደተባለ እንጃ፤ ስም አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል። የገዛ እናቱ ብትመጣ እጅጌዋን ሳያቃጥል አያሳልፋትም እያሉ ያሙታል።

እንዲህ የሆነው በከንቱ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት የማበጠሪያው ክፍል አለቃ ነበር። አንድ ጠዋት ከሠራተኞቹ አንዱ፣ የጥጥ ጋዋኑ ታጥቦ ስላልደረቀለት፣ የፖሊስተር ለብሶ መጣ። ክብሪት አየው፣ አወቀም። ሥራ ስለበዛበት ግን፣ “ለአንድ ቀን እዳው ገብስ ነው፣ ግባ” አለው።

ከሰዓት በኋላ ማሽን ሥር የተጠራቀመው ብናኝ ተቀጣጠለ። ጥጥ የለበሱት ጋዋናቸው ተበሳስቶ በደህና ወጡ። የሰውየው ጋዋን ግን ቀልጦ ገላው ላይ ተጣበቀ። ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ጮኸ፤ በአሥራ ሁለተኛው ዝም አለ።

ሚስቱ የፋብሪካው ልብስ ሰፊ ናት። ያን ሳይደርቅ የቀረውን የጥጥ ጋዋን ያጠበችውም እሷ ነበረች። ጋዋኑ ደርቆ እስከ ዛሬ ከቤቷ በር ጀርባ፣ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ማንንም አታስነካም።

ከቀብሩ ማግስት ክብሪት እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ለመናት። “እኔ ምን አቅም አለኝ ወንድሜ፤ እግዜር ይቅር ይበልህ” አለችው። እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ማለ፤ ፖሊስተር ለብሶ የሚገባ ሰው እንዳይኖር፣ እሳት ሲነሳ ደግሞ ቀድሞ የሚገባው እሱ እንዲሆን። እሳት መቼም አይጠፋም። በደረቁ ወራት ፖሊስተሩ በሰበቃ ብዛት ኤሌክትሪክ ያጠራቅምና ብልጭ ያደርጋል፤ ብልጭታው ብናኝ ላይ ካረፈ ቦግ ነው። ክብሪት እርጥብ ብርድ ልብስ ይዞ ይገባል፣ ያፍነዋል፣ እጅጌው ተበስቶ እየሳቀ ይወጣል።

ፋብሪካው ውስጥ ከክብሪት ጋር ዓይንና ናጫ የሆነው የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነው። ቋጣሪው ይሉታል፤ ከእጁ ውሃ ጠብ አትልም። አምና ለጋዋን የሚሆን ጥጥ ተወደደ ብሎ እንደ ጥጡ ሰማያዊ የሆነ የፖሊስተር ጣቃ አስገባ። ክብሪት ክሩን በሰው ፊት አቃጥሎ ጥቁሩን ፍሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። ቋጣሪውም በውርደቱ ተንጨርጭሮ፣ “ቆይ፣ አንድ ቀን ይሄው እሳትህ ይበላሃል” አለው። ይህን ያልሰማ ሠራተኛ የለም።

ዘንድሮ መጋዘን የቀረው ያ ጣቃ ሲታይ ከላዩ ተቆርጦ ተገኘ። ቋጣሪው አላውቅም ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። ወደ መጋዘኑ ክር ልትወስድ ጎራ የምትለዋ ልብስ ሰፊም ብትሆን፣ ምስኪን፣ አንገቷን ደፍታ ገብታ አንገቷን ደፍታ ነው የምትወጣው። ክብሪት፣ “የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ” አለ።

ልብስ ሰፊዋም ለብቻው ጠርታ፣ የዚህ ሰው ዓይን አላማራትምና እንዲጠነቀቅ ነገረችው። ክብሪት በዓለም ላይ እንደ እሷ የሚያምነው ሰው አልነበረም። እሷም ጋዋኑ በቀዳዳ ብዛት ወንፊት መሆኑን አይታ አዲስ ልትሰፋለት ቃል ገባች።

ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ምነው ዘገየሽ ሲላት፣ “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ብላ ሳቀች። ሲያልቅ ራሷ አለበሰችው፤ እስከ አንገቱ ቆለፈችለት። የግራ እጅጌው ጫፍ ደብዘዝ ያለ ነበር። ቋጣሪው ጨርቁን ቆጥቦባት በቁራጭ እንደቀጠለችው ነገረችው። ክብሪት ቋጣሪውን ረገመና እሷን መረቀ።

ሕግ ለእሱም ሕግ ነውና ሰልፉ ፊት ቆሞ ከግራ እጅጌው ክር መዘዘ፣ አቃጠለ። አመድ ሆነ። ሠራተኛው አጨበጨበ፤ እሷም አጨበጨበች።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ ሦስተኛው ማሽን ቦግ አለ። ክብሪት እንደ ልማዱ ብርድ ልብሱን ይዞ ቀድሞ ገባ። በዚህ ጊዜ ጋዋኑ አልተበሳም፤ ቀለጠ። ሊያወልቁለት የሞከሩት ሰዎች መዳፋቸው ተቃጥሎ ተመለሱ። ልብስ ሰፊዋ ሮጣ መጥታ ራሱን ደገፈችው።

“አመድ ነበር እኮ” አላት። “አይተሽ የለም? አመድ ነበር።”

“አይቻለሁ ወንድሜ” አለችው።

ሠራተኛው መጋዘኑን ሰብሮ ቋጣሪውን እየጎተተ አወጣው፤ ፖሊስ ባይደርስ ይገድሉት ነበር። ሆስፒታል ክብሪትን ያስታመመችው እሷው ናት። በማንኪያ ውሃ ታጠጣዋለች፣ ሲጮኽ ዝንብ ታባርርለታለች። ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ነርሷ ስትሳሳት የምታርማት እሷ ነበረች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዝም አለ።

ፍርድ ቤት ስትጠየቅ፣ ቋጣሪው ጥጥ ነው ብሎ የሰጣትን እንደሰፋች በእንባ መሰከረች። ጫፉን ብቻ ከራሷ ቁራጭ እንደቀጠለችም አልደበቀችም። ቋጣሪው የሦስት ልጆች አባት ነኝ፣ በጨርቁ የለሁበትም እያለ ጮኸ። ማን ይመነው። አሥራ አምስት ዓመት ፈረዱበት።

ሴቶቹ ደግፈው እስከ ቤቷ አደረሷት። እህል ቅመሺ፣ ያለፈው አልፏል እያሉ ካጽናኗት በኋላ ወጥተው በሩን ገፋ አደረጉላት።

ከበሩ ጀርባ የባሏ ጋዋን ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ የግራ እጅጌው ጫፍ የለም።