የወይንሸት ጥርስ

የጥርስ ንጽህና ዲግሪ ትምህርታቸውን በጀመሩበት ዓመት ተማሪዋና ጓደኛዋ ወይንሸት እርስ በርስ አፋቸውን ለክተው አንዷ የሌላዋን ጥርስ በጀሶ ሠርተው ነበር። በኋላ፣ ተማሪዋ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጋ መቀመጥ ፈልጋ ወንበር ባስለወጠቻት ቀን መኪናው ተገለበጠና ወይንሸት ብቻ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ተማሪዋ ቤተ ሙከራው ውስጥ ጀሶዎቹ ወደተደረደሩበት መደርደሪያ ቀና ብላ አይታ አታውቅም።

ዛሬ የወይንሸት እናት ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ።

«ፎቶማ አለኝ። ፎቶ ግን አይዳሰስም። ጥርሷን ስጪኝ ልጄ» አሏት።

«እሺ እማማ» ብላ ቤተ ሙከራው ገባች። «ወይንሸት» የሚል ስም የተጻፈበትን ጀሶ ስታነሳ ከእጇ አመለጣት፤ ጀሶው ወለሉ ላይ ወድቆ እንክትክቱ ወጣ። እናት ደጅ ቆመዋል። ምን ብላ ትንገራቸው? የራሷ ስም ያለበትን አነሳች፤ ስሙን በመፋቂያ ብረት ፋቀችውና ይዛላቸው ወጣች።

እናት ዓይናቸውን ጨፍነው ጥርሶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ጣታቸው የፊት ጥርስ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይቺ ሸራፋዋ! ከአጎቷ በቅሎ ላይ ወድቃ እኮ ነው። የኔ አበባ!» አሉና ጀሶውን ሳሙት።

ተማሪዋ የፊት ጥርሶቿን በምላሷ ነካካች። አንዱም አልተሸረፈም። ያኔ አስተማሪያቸው፣ «ማርክ የማገኘው እኔ ነኝ የሚል ስሙን ይጻፍ! የአፉን ባለቤት ሳይሆን የሠሪውን ስም ነው የምፈልገው» ማለታቸው ትዝ አላት።

እናት ጀሶውን በነጠላቸው ጠቅልለው ሲሄዱ ተመልሳ ገባች። ተንበርክካም የገዛ ጥርሶቿን ከወለሉ ላይ ትለቅም ጀመር።